ቤተ መንግሥቱ ነደደ፣ አትክልት ቦታው ቀረ
(ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ከሉቭር ሙዚየም ወደ ኮንኮርድ አደባባይ የሚሄድ ሰው በሰፊ መናፈሻ ያልፋል፤ ቱይለሪ ይባላል። ብዙዎች ልብ የማይሉት መናፈሻው ባለቤት የሌለው ግቢ መሆኑን ነው። በራሱ ላይ የነበረው ቤተ መንግሥት የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት መበለት ነው። በ1559 ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በፈረስ ላይ የጦር ግጥሚያ ሲጫወት ዓይኑን ተወግቶ ሞተ። የፍሎረንሷ ተወላጅ ንግሥት ካትሪን ደ ሜዲቺ ባሏ የሞተበትን ቤት አስፈረሰችና በ1564 አዲስ ቤተ መንግሥት አስጀመረች። ቦታው የጣሪያ ሸክላ የሚተኮስበት ስለነበር ስሙ ከዚያው ወጣ። አናጺው ፊሊቤር ደ ሎርም ነበር። ከጎኑም እንደ አገሯ ወግ የጣሊያን ዓይነት አትክልት ቦታ አስተከለች። ሕንፃው ግን በእሷ ዘመን አላለቀም።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1664፣ ሉዊ 14ኛ አትክልቱን ለአንድሬ ለ ኖትር ሰጠው። አባቱም አያቱም እዚያው አትክልተኞች የነበሩ ሰው ነው። ዛሬ የሚታየው ቀጥ ያለ መንገድና ክብ ኩሬ የእሱ እጅ ሥራ ነው። ንጉሡ ግን ብዙም ሳይቆይ ሕዝብ ከሚበዛባት ከተማ ሸሽቶ ቬርሳይ ገባ።

ሕዝቡ በ1789 ሉዊ 16ኛን ከቬርሳይ እየነዳ መልሶ ቱይለሪ አስቀመጠው። ነሐሴ 10 ቀን 1792 የታጠቀ ሕዝብ ግቢውን ሲከብ ንጉሡ ቤተሰቡን ይዞ በአትክልቱ መሐል ወደ ምክር ቤቱ ሄደ። የስዊዝ ጠባቂዎቹ ቀሩ። ተኩስ እንዲያቆሙ ያዘዘው እሱ ከደኅና ቦታ ከደረሰ በኋላ ነበር፤ ወደ 600 የሚጠጉት አለቁ። ጌታቸው የሄደበትን ባዶ ቤት ሲጠብቁ መሞታቸው ነው፣ ከሁሉ የሚያሳዝነው።

ከዚያ ወዲህ ናፖሊዮንን ጨምሮ በቱይለሪ ከተቀመጡት ገዢዎች ዘውዱን እንደ ደፋ አልጋው ላይ የሞተው ሉዊ 18ኛ ብቻ ነው (1824)። ሻርል 10ኛ በ1830፣ ሉዊ ፊሊፕ በ1848 ተሰደዱ። በ1848 ሕዝቡ ዙፋኑን ራሱን ተሸክሞ ወስዶ ባስቲል አደባባይ አቃጠለው። በ1870 ናፖሊዮን 3ኛ በፕሩሲያ ጦር ተማረከ፤ በማግስቱ ዓመት፣ ግንቦት 23፣ የፓሪስ ኮሚዩን ታጣቂዎች ሕንፃውን በእሳት ለቀቁት።

ግድግዳው ግን ቆሞ ነበር። መጠገን ይቻላል ያሉ ነበሩ፤ ሪፐብሊኩ ግን የንጉሥ ቤት መልሶ ማቆም አላሻውም። ከአሥር ዓመት በላይ ክርክር በኋላ በ1883 ፈረሰ፤ ድንጋዩም ተሸጠ። ከፊሉን የገዙት የኮርሲካዎቹ ፖዞ ዲ ቦርጎ ቤተሰቦች ናቸው። የናፖሊዮን የዕድሜ ልክ ባላንጣ የነበረው ዲፕሎማት ዘመዶች፣ ናፖሊዮን በተቀመጠበት ቤት ድንጋይ ከአጃክሲዮ በላይ ባለው ተራራ የራሳቸውን ቤት ሠሩበት።

አትክልቱ ሕዝብ ሲመላለስበት ኖሯል። በ1783 ዣክ ሻርል ሰው ይዞ በሃይድሮጂን የሚበር የመጀመሪያውን ፊኛ ያስነሣው ከዚያ ነው። በ2024ቱ ኦሊምፒክም ያ በረራ ታስቦ የኦሊምፒኩ ማንደጃ በፊኛ ተንጠልጥሎ ማታ ማታ በዚያው ሰማይ ላይ ይወጣ ነበር። ነበልባሉ ግን እሳት አልነበረም፤ መብራትና የውሃ ጉም ነው።