ሁለት ረድፍ፣ አሥራ ሁለት ጉድጓድ፦ አንድ የጨዋታ ሳምንት በይፋት ቆላ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ታሪክ ነክ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣልኝ የኮሌጃችን ታሪክ ነበር። እሱን ግን ከእኔ በተሻለ የሚያውቁት መምህራኖቻችን አሉ። ስለዚህ ባለፈው ጥር ሸዋ ሮቢት ላይ ከጓደኞቼ ጋር ስላሳለፍኩት የጨዋታ ሳምንት ልጽፍ ወሰንኩ። «ጨዋታ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር የሄድኩት። መጨረሻው ላይ ግን ነገሩ ዞሮ ዞሮ ጎንደር፣ እኛው ደጅ ደረሰ።

አምስት ነን። በአንድ ዘመን ጎንደር ገብተን፣ በአንድ ዘመን የወጣን። አንዱ ቀዶ ሐኪም ሆኗል፤ አንዷ የሕፃናት ሐኪም፤ አንዱ ሕክምናውን ትቶ የኅብረተሰብ ጤና ያስተምራል፤ እኔ የውስጥ ደዌ ነኝ። አምስተኛዋ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ስትሆን የምትሠራው ተወልዳ ባደገችበት ሸዋ ሮቢት ነው፤ የተሰበሰብነውም እሷ ቤት ነው። ቀዶ ሐኪሙ በየካቲት ወደ ውጭ ሊሄድ ቲኬት ቆርጧል። ማናችንም «የስንብት ሳምንት» አላልነውም፤ «እንጫወት» ነው የተባባልነው። ሕጉ አንድ ነበር፦ ስልክ ሁሉ ሙዳይ ውስጥ ይገባል፣ ከባለቤቷ የተረኛ ስልክ በቀር።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከደብረ ብርሃን በኋላ ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ትገባለህ፤ ስትወጣ ጉም፣ ከዚያ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ጠመዝማዛው ቁልቁለት። ጋቢ ለብሰህ የተነሳህበት ጉዞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በማንጎና በፓፓያ ጥላ ሥር፣ በሸሚዝ ያልቃል።

ይህ ቆላ የዋዛ አገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከዚህ ተነስቶ የይፋትን ሱልጣኔት አቆመ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው አል ዑመሪ፣ ከሰባቱ የሙስሊም ግዛቶች ትልቁ ይፋት መሆኑን፣ ሸንኮራውንና ጫቱን ሳይቀር መዝግቦታል። በ1332 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዓምደ ጽዮን ወግቶ ድል አደረገው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ኖራንና አስበሪን የመሳሰሉ የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ በዚሁ ሰንሰለት ግርጌ አጥንተዋል። ከዘይላ የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ እዚህ ያርፍ ነበር። ያረፈ ነጋዴ ደግሞ ይጫወታል። እንግዲህ ከዚህ እንነሳ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የካርታና የዳማ ነበሩ። ኮንከር ስንጫወት የሕፃናት ሐኪሟ ጆከር እንደ ጥንቷ ቀሚሷ ሥር ስትደብቅ ተያዘች፤ ሃያ ዓመት ምንም አልለወጣትም። ዳማውን የተጫወትነው እንደ ዶርም ዘመናችን በካርቶን ላይ በተሰመረ ገበታና በቆርኪ ነው፤ የአንዱ ቆርኪ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው። ጎንደር ሳለን የዳሽንን ቆርኪ ለንጉሥነት እናስቀምጥ እንደነበር ቀዶ ሐኪሙ አስታወሰን። በዚህ ላይ ብዙ ታሪክ አልጨምርም። ዳማ በየሊስትሮውና በየጋራዡ ደጃፍ በደህና አለ፤ የጤናው ሁኔታ ጥሩ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ታመመው፣ እውነቱን ለመናገር ወደ ሞተው ጨዋታ አለፍን፤ ወደ ሰንጠረዥ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ቼዝ ያወጡትን ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ይዤ ሄጄ ነበር። ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ራሱ የዐረቡ ሸጥረንጅ ነው። ከጠጠሮቹ መካከል ፊል በዐረብኛ ዝሆን ነው፤ ፈርዝ ደግሞ ከፋርስ በዐረብ በኩል የመጣ የአማካሪ ስም ነው። ደር፣ ፈረስ፣ መደቅና ንጉሥ ሲጨመሩ ሠራዊቱ ይሞላል። ገበታው እንደ ዛሬው ነጭና ጥቁር የተፈራረቀበት ሳይሆን፣ በሰማያዊ ወይም በጥቁር መስመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ነበር።

ዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥታቸው ከነበረ ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ቼዝ ይጫወቱ እንደነበር በዘመኑ ተጽፏል። (ቀዶ ሐኪሙ «ታዲያ ሽምብራ ኩሬ ላይ ምን ነካቸው?» ብሎ ሳቅን፤ ቼዝ መቻልና ጦር መምራት ለየቅል ናቸው።) በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ጨለቆት ላይ ተመልክቷል። ሰንጠረዥን ከዓለም ቼዝ ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው፦ ተራ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል፣ እንደ ፍጥነታቸው፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሠራዊቱን ያሰልፋል። ወረራ ይሉታል። መጨረሻውም ወግ አለው። በደር ወይም በፈረስ ማት ማለት እንደ ባላገር ጉልበት ይቆጠር ነበር፤ የሚደነቀው በደካሞቹ፣ በፈርዝ፣ በፊል ወይም በመደቅ የሚሆነው ነው።

ዘመናዊ ቼዝ ይዘን፣ ንግሥቲቱን ፈርዝ፣ ቢሾፑን ፊል ብለን ሞከርነው። አልሆነም። ማለቴ ሕጉን ተከትለናል፤ ግን እጃችን ተጋጨ፣ ተጮጮኽን፣ ሁለት ጊዜ ገበታው ተገለበጠ። ወረራው ላይ እጅ መቼ ይፈጥናል? መቼ ይታገሣል? ይህ ፎቶ ኮፒው ላይ የለም። የነበረው በተጫዋቹ እጅና ዙሪያውን ከበው በሚጮኹት ተመልካቾች አፍ ላይ ነው። የኅብረተሰብ ጤና መምህሩ ጓደኛችን ጠጠሮቹን እየሰበሰበ «ይሄ እኮ የጉበት ዳሰሳን ከመጽሐፍ እንደ መማር ነው» አለ። ሁላችንም ያኔ እጃችንን ይዘው «እዚህ ጋ፣ ተንፍሺ በያት፣ አሁን» ያሉንን መምህር አሰብን። ቀዶ ሐኪሙ ዝም አለ። እሱም አሁን እጅ ይዞ የሚያስተምራቸው ተለማማጆች ነበሩት፤ በየካቲት ያበቃል።

ሰንጠረዥ ለምን ሞተ? እኔ የሚመስለኝ ቤቱ ስለ ጠፋ ነው። የመኳንንት ግቢ፣ ሥራ ፈት ከሰዓት፣ ከበው የሚመክሩ አሽከሮች ያስፈልጉታል። ገበጣ ግን ከእነዚህ አንዱንም አይፈልግም። መሬትና ጠጠር ይበቃዋል። ለዚህም ነው ከሰንጠረዥ ይልቅ እጅግ የቆየው። የሸክላ ገበታ ስባሪና ድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ ጉድጓዶች መጠራና የሐ ላይ ተገኝተው የአክሱም ዘመን ናቸው ተብሏል። ፓንክረስትም በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ የገበጣን ዓይነቶች በየአገሩ እየለዩ አሳትመዋል።

በአራተኛው ቀን ቀዶ ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የገዛውን የእንጨት ገበጣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። የጓደኛችን እናት ቡና እያቀራረቡ ነበር። ዕድሜያቸው ሰባውን አልፏል። ገበጣውን ሲያዩ ቆሙ።

«ቤት ውስጥ አይደለም» አሉ።

ልጃቸው ሳቀች። «እማዬ፣ አሁንም? ልጅ ሆነን ገበጣ ቤት ውስጥ ካየች ትቆጣናለች፤ ትምህርታችንን እንዳንረሳ ነው» አለችን። እናትዮዋ አልመለሱም። ይዘውን ወደ ጓሮ ወጡ፤ ማንጎው ሥር ቁጢጥ ብለው በቢላ ጫፍ መሬቱን ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ አድርገው ማሱት። ከጓሯቸው የጉሎ ፍሬ አስለቀሙን። በየጉድጓዱ አራት፣ በጠቅላላው 48።

እሳቸው ያስተማሩን እንዲህ ነው። ከወገንህ አንዱን ጉድጓድ ታነሳና አንድ አንድ እያልክ በየጉድጓዱ ትጥላለህ። የመጨረሻዋ ፍሬ ካለበት ላይ ካረፈች ሁሉንም አንስተህ ትቀጥላለህ፤ ባዶ ላይ ካረፈች ተራህ አለቀ። በመሃል አንድ ጉድጓድ አራት ከሞላ «ላም ወለደች» ይባላል፤ የጉድጓዱ ባለቤት ይወስዳል። ሲነገር ቀላል ነው። እሳቸው ግን ገና ሳያነሱ ሦስት ዙር በኋላ ያለውን ወሊድ ያዩታል። እኔ እየቆጠርኩ ስዘገይ፣ «ልጄ፣ አንቺ ፍሬ ትቆጥሪያለሽ እንጂ ጉድጓድ አታዪም» አሉኝ። ላቦራቶሪ አንብቤ በሽተኛውን ላላየሁባቸው ቀናት ሁሉ ይሁንልኝ ብዬ ተቀበልኩት። አምስታችንንም በየተራ አሸነፉን።

«እማማ፣ ማን አስተማረዎት?» ያለቻቸው የሕፃናት ሐኪሟ ናት።

«እኅቴ» አሉ፣ ፍሬ መጣላቸውን ሳያቋርጡ። የተወለዱት ከሸዋ ሮቢት በላይ፣ ወደ ደብረ ሲና በሚያወጣው ወይና ደጋ ነው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመታቸው ሳለ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ የንዳድ ዘመን መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ተኛ፤ ከብት የሚያግድ፣ ማሽላ የሚጠብቅ ጠፋ። ሁለቱ እኅትማማቾች በአንድ መደብ ላይ ተኝተው፣ ብርዱ ሲለቃቸውና ላቡ ሲመጣ፣ ታላቂቱ በቤቱ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፍራ ገበጣ ያጫውቷቸው ነበር። «አንድ ቀን ስንጫወት ተንቀጠቀጠች፤ ተኛች። ተራው የእሷ ነበር። አልጣለችም።» እናታቸው ወለሉን በበነጋው በእበት ለቀለቁት።

ልጃቸው ይህን ሰምታ አታውቅም። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከወባ ጋር በየዓመቱ ትታገላለች፤ አክስት እንደነበራት አታውቅም።

ማታ የኅብረተሰብ ጤና መምህሩ ቀስ ብሎ ነገረን። እኛም ተምረነው ነበር፣ ተፈትነንበታልም፦ በ1958 እ.ኤ.አ. ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ የወረደው የወባ ወረርሽኝ፤ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ታማሚ፣ 150,000 ገደማ ሟች። ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ትንኟን ወደ ላይ፣ ወባ ወደማያውቃት ከፍታ፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው አገር አወጣት። የቆላው ሰው በልጅነቱ እየታመመ ካደገ የተወሰነ መከላከያ ያበጃል፤ የወይና ደጋው ሰው ግን አልነበረውም። እኅትማማቾቹ የነበሩት ልክ በዚያ እርከን ላይ ነው። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ ረጪዎቹ በየቤቱ ገቡ። ኮሌጃችንም የዚሁ ታሪክ ልጅ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በደንቢያ፣ ቆላ ድባ ላይ ወባ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ በ1954 ጎንደር ላይ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ ሊያሠለጥን የተከፈተ ነው።

ይፋትን ሐኪምም አላለፈውም። በ1842 እ.ኤ.አ. አልዩ አምባ የከረመው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ራሱ በንዳድ እየተንቀጠቀጠ ነው ማስታወሻውን የጻፈው። የጻፈ ይታወሳል። 150,000ውን ግን ማን ጻፋቸው? ለእኔ ቁጥሩ ለሃያ ዓመት ቁጥር ነበር። አሁን አንዷን አውቃታለሁ፤ ገበጣ ትችል ነበር፤ ታናሿን አስተምራለች፤ ታናሿ ደግሞ እኔን።

በቀሩት ቀናት ሌላ ጨዋታ አልነካንም። ጓደኛችን ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ተማረች፤ ለልጅነቷ ክልከላ ምክንያቱን ካወቀች ወዲህ ስለ ትምህርት አላነሳችም። አንድ ሌሊት ለምጥ ተጠርታ ሄዳ ጎህ ሲቀድ ተመለሰች፤ እናቷ ጓሮ ጠበቋትና ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ወለደች?» አሏት። «ወለደች፣ ሴት ናት» አለች። እኛ በሳቅ ፈነዳን።

በመጨረሻው ቀን ሕጉን በወረቀት ጻፍነው። ቀዶ ሐኪሙ ወረቀቱን አጣጥፎ ፓስፖርቱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ መልሶ አወጣውና ለባለቤቷ ሰጣት፤ «እኔ በእጄ ይዤዋለሁ» አለ። ሄዷል። እዚያም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እንደሚጫወት፣ እስካሁንም በአንድ የፊሊፒንስ ነርስ እንደሚሸነፍ ጽፎልናል። እነሱም አገር እንዲህ ያለ ጨዋታ አለ፤ ሱንግካ ይሉታል።

ለመምህራኖቻችንና ለእኅት ወንድሞቼ አንድ ልመና አለኝ። እናቶቻችሁንና አባቶቻችሁን የሰፈራቸውን ጨዋታ ጠይቁ። ሕጉን ብቻ አይደለም፤ ማን እንዳስተማራቸው ጠይቁ። ጽፋችሁ ለማኅበሩ ላኩ። ለሚቀጥለው መገናኛ በዓላችን እኔ የጉሎ ፍሬ ይዤ እመጣለሁ፤ ጉድጓዱን ግን ከአዳራሹ ውጭ፣ ሜዳው ላይ ነው የምንቆፍረው።