ጽዋው ከደጇ ሲደርስ

አረጋውያንን ከብቸኝነት የመጠበቅ ተግባር የድርጅት ስምና ማኅተም ሳይኖረው በፊት፣ በአገራችን ምእመናን ዘንድ በጽዋ ማኅበርና በሰንበቴ ሥርዓት ውስጥ ተሰውሮ ሲፈጸም የኖረ ምግባር ነው። በየወሩ፣ በ12 ለቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 ለእመቤታችን፣ በ27 ለመድኃኔ ዓለም የተሰየመው ጽዋ ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿም በሩቅ አገር የተበተኑባት ባልቴት እንኳ ተራዋ ሲደርስ ደጇ በሰው ይመላ ነበርና፣ ዝክሩን ለማዘጋጀት አቅም ቢያንሳት ጎረቤቶቿ ጌሾውን ወቅጠው፣ ጠላውን ጠምቀው፣ ዳቦውን ደፍተው፣ የአስተናጋጅነቱን ክብር ግን ለእርሷ ይተዉላት ነበር። ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንን ነው፤ የተረዳችው ሴት በገዛ ቤቷ እንግዳ ተቀባይ ሆና ትውላለችና።

በሕመም የቀረች እንደሆነም የማኅበሩ መሪ የሆነው ሙሴው «እማማን ምን አገኛቸው?» ብሎ ሳይጠይቅ ጉባኤው አይበተንም፤ ድርሻዋ በአገልግል ተቋጥሮ በልጅ እጅ ይላክላታል፤ ልጁም ምርቃቷ እስኪያልቅ ድረስ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» እያለ ይቆማል።

ሰንበቴውም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ነዳያንንና አረጋውያንን በአንድ ማዕድ ይሰበስብ ነበር።

በከተማ ግን፣ ይልቁንም ከጠላት ወረራ (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ወዲህ እየበረከተ የሄደው ዕድር፣ የተለያየ ሃይማኖት ያላቸውን ጎረቤቶች ማስተባበሩ የሚያስመሰግነው ሲሆን፣ ድንኳኑን ይዞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሞት በኋላ ነበር። ጽዋው ግን አሮጊቲቱ በሕይወት ሳለች፣ ቡናዋ ሳይቀዘቅዝ ይደርስላት ነበር።