የጂፒኤስ የበረራ ዱካ በዲጂታል ሉል ላይ

የበረራ ዱካን በዲጂታል ሉል ላይ ማሳየት ማለት በበረራ ወቅት የጂፒኤስ መቀበያ የመዘገባቸውን ነጥቦች በመስመር አገናኝቶ፣ በኮምፒዩተር በተሠራ የምድር ሉል ላይ ከነከፍታቸው መሣል ነው። የሞተር አልባ አውሮፕላንና የፓራግላይዲንግ አብራሪዎች በረራቸውን ለመገምገም ይጠቀሙበታል። መስመሩ ትክክለኛ ቢመስልም፣ ከፍታው ከየት ተነሥቶ እንደተለካ ካልታወቀ ተመልካቹን ሊያሳስት ይችላል።

የዱካው መዝገብ

በሞተር አልባ በረራ የተለመደው የፋይል ዓይነት አይጂሲ ይባላል። በውስጡ እያንዳንዱ የቦታ መዝገብ ሰዓት፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ሁለት ከፍታዎችን ይይዛል፤ አንደኛው ከአየር ግፊት የተሰላ፣ ሁለተኛው ከጂፒኤስ የተገኘ ነው። በውድድር ለማስረጃነት የሚቀርብ ፋይል፣ ይዘቱ ኋላ ላይ ተለውጦ ከሆነ የሚያጋልጥ የደኅንነት ኮድ አለው።

የመመዝገቢያው ፍጥነትም የመስመሩን ቅርጽ ይወስናል። በሞቃት አየር እየተሽከረከረ የሚወጣ አውሮፕላን አንዱን ዙር በ20 ሰከንድ ቢጨርስና መሣሪያው በየ5 ሰከንዱ ቢመዘግብ፣ ክቡ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል።

ወደ ሉሉ ማስገባት

ለዚህ ሥራ የታወቀው ፎርማት ኬኤምኤል ነው። የጀመረው ኪሆል የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ ጉግል ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2004 ገዝቶ በ2005 ጉግል ኧርዝን አወጣ። በ2008 ኬኤምኤል ዓለም አቀፍ ክፍት ደረጃ ሆነ።

በአይጂሲ ፋይል ኬክሮስ ሲቀድም፣ በኬኤምኤል የሚቀድመው ኬንትሮስ ነው። ቅደም ተከተሉ ሳይስተካከል ቢቀር፣ ከአዲስ አበባ ቦሌ የተነሣ በረራ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ላይ ይሣላል።

የከፍታ ችግር

በኬኤምኤል ከፍታ በሦስት መንገድ ሊተረጎም ይችላል፦

• መሬት ላይ የተለጠፈ፦ የከፍታው ቁጥር ችላ ይባላል።
• ከመሬት በላይ፦ ቁጥሩ ከሥሩ ባለው መሬት ላይ ይደመራል።
• ከባሕር ጠለል በላይ፦ ቁጥሩ እንዳለ ይወሰዳል።

ምርጫው ከተሳሳተ ውጤቱ ጉልህ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ የተመዘገበው ቁጥር «ከመሬት በላይ» ተብሎ ከተነበበ ገና በመንደርደሪያው ላይ የቆመ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ተንሳፎ ይታያል።

ከዚህ ሌላ ጂፒኤስ በመሠረቱ ከፍታን የሚለካው ምድርን በሒሳብ ከሚወክል ሞላላ ቅርጽ እንጂ ከባሕር ጠለል አይደለም። የሁለቱ ልዩነት እንደየቦታው ይለያያል፤ ከሕንድ በስተደቡብ 100 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከአየር ግፊት የሚሰላው ከፍታ ደግሞ የሚነሣው 1013.25 ሄክቶፓስካል ከተባለው መደበኛ ግፊት ስለሆነ ከአየሩ ጠባይ ጋር ይለዋወጣል።

ስለዚህ ዱካው ተራራ ውስጥ ገብቶ ቢታይ አብራሪው ተጋጭቷል ማለት አይደለም። ቀላሉ ማረጋገጫ መነሻውንና ማረፊያውን ማየት ነው፦ በሁለቱም ቦታ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ስለነበር፣ የተመዘገበው ቁጥር ከሜዳው የታወቀ ከፍታ ጋር መቀራረብ አለበት።