ቀድሞ የሚጋጭ ሻንጣ

እስቲ ቀረብ በሉ ወገኖቼ፤ የዛሬው ወሬ ባሕር የሚያሻግር ነውና ጆሯችሁን ስጡኝ። ጃፓን ውስጥ ኦሳካ በምትባል ከተማ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 አንዲት ልጅ ተወለደች፤ ስሟም ቺኤኮ። ቺኤኮ ስፖርት የምትወድ፣ አንድ ቀን ለኦሎምፒክ እደርሳለሁ የምትል ልጅ ነበረች። ታዲያ በ11 ዓመቷ ስትዋኝ ከገንዳው ግድግዳ ጋር ተጋጨችና ዓይኗ ተጎዳ፤ ብርሃኑም እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ 14 ሲሞላት ጨርሶ ጠፋ።

ያን ጊዜ የሚያነብ ኮምፒውተር የለ፣ ኢንተርኔት የለ። ከሁለቱ ወንድሞቿ አንዱ መማሪያ መጽሐፉን ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ እሷም እየሰማች በብሬል ትጽፋለች፣ ጽፋም በጣቷ ታጠናለች። ወንድሞቿም ልጆች ናቸውና ሰለቻቸው፤ ስትፈልጋቸው ከአካባቢው መጥፋት ጀመሩ። እሷ አልተቀየመቻቸውም። የሰው እጅ ማየት ግን እንዴት እንደሚከብድ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ያ ክብደት ከልቧ አልወጣም።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማረች፣ ከዚያም ለዓይነ ስውራን በተዘጋጀ ኮርስ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ። አነባበቧን ልንገራችሁ። ኦፕታኮን የሚሉት መሣሪያ ነበረ፤ በአንድ እጇ ትንሽዬ ካሜራ በወረቀቱ ላይ ታስኬዳለች፣ ከሌላው እጇ ጣት ሥር ደግሞ ጥቃቅን ዘንጎች እየተንቀጠቀጡ የፊደሉን ቅርጽ ያስዳስሷታል፤ እንዲህ ፊደል በፊደል እየዳሰሰች ሙያውን ያዘችና በ1985 አይቢኤም በሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የጃፓን ምርምር ክፍል ቋሚ ሠራተኛ ሆነች። እዚያም ብሬል በኮምፒውተር የሚጻፍበትንና የሚታረምበትን፣ የብሬል መጻሕፍትም የሚጠራቀሙበትን ዘዴ ሠራች።

ከዚያ ደግሞ ድረ ገጽ የሚባለው መጣ። የሚያይ ሰው ገጹን በአንድ እይታ ይቃኘዋል፤ ቀለሙ የተለየውን፣ የተሰመረበትን ሲያይ ሊንክ መሆኑን ያውቃል። በጆሮው የሚያነብ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲፈስበት የቱን ከየቱ ይለይ? ቺኤኮና ባልደረቦቿ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ተራውን ጽሑፍ ለወንድ ድምፅ፣ ሊንኩን ለሴት ድምፅ ሰጡት። ይኸው ነው፤ ሴቲቱ ስትናገር፣ ከዚህ ወደ ሌላ መሄድ ይቻላል ማለት ነው። ትእዛዙንም በኪቦርዱ ቀኝ ባሉት የቁጥር ቁልፎች ላይ ሰበሰቡት፣ ጣት ሩቅ እንዳይፈልግ። ይህ ድረ ገጽን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ሆም ፔጅ ሪደር ተብሎ በ1997 ጃፓን ውስጥ ወጣ፤ ከዚያም ሌሎች ቋንቋዎች እየለመደ ከአገሩ ወጥቶ ተጓዘ።

በ2004 ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘች። ከእንግዲህማ አንቱ እንበላቸው፤ ዶክተር ቺኤኮ አሳካዋ ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሌላም መሣሪያ ሠሩ፣ ይኼኛው ለሚያዩት ለድረ ገጽ ሠሪዎች ነው። በጆሮ የሚያነብ ሰው ዘግይቶ የሚደርስበትን የገጹን ክፍል እያጠቆረ ያሳያል፤ ሠሪው አሳመርኩት ያለው ገጽ ፊቱ ላይ ሲጠቁርበት ያን ጊዜ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሻንጣው ልውሰዳችሁ። ዶክተሯ ለሥራ ብቻቸውን ከአገር አገር ይመላለሳሉ፤ ሻንጣቸውንም ከፊታቸው አድርገው ሲሄዱ አንድ ነገር አስተዋሉ። ግድግዳ ቢኖር ቀድሞ የሚጋጨው ሻንጣው ነው፤ ደረጃ ቢመጣም ቀድሞ የሚያውቀው ሻንጣው ነው። ታዲያ ይህ ሻንጣ ማየትና መሄድ ቢችልስ? በዚያን ዘመን አሜሪካ፣ ፒትስበርግ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ ነበርና፣ ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ርቀት የሚለካ ሌዘር፣ ካሜራና ሞተር አስገቡበት። እጀታውን የያዘ ሰው መታጠፊያ ሲደርስ በመዳፉ ንዝረት ይሰማዋል፤ ሰው ከፊት ሲያቋርጥ ሻንጣው ይቆማል። በ2021 ቶኪዮ የሚገኘው የሚራይካን የሳይንስ ሙዚየም ኃላፊ ሆኑ፤ ሻንጣውም ዓይነ ስውር ጎብኚዎችን እየመራ እዚያው ይዞር ጀመር፣ በ2025ቱ የኦሳካ ኤክስፖም ታየ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የሚያዝን ሰው ሞልቷል፤ ሐዘኔታም ክፉ አይደለም። ነገር ግን በጨለማ ለሚሄድ ሰው የሚጎድለውን ያልተጋጨ ሰው ሊነግረው ሲነሣ፣ ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። ነገ ለዓይነ ስውር፣ መስማት ለተሳነው፣ ለታማሚ ብሎ አዲስ መሣሪያ ይዞላችሁ የሚመጣ ቢኖር፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ባለጉዳዮቹ ሲሠራ ነበሩ ወይ ብላችሁ ጠይቁት፤ ከመካከላቸውስ ሞክሮ “ይኼ አይሆንም” ያለው ማን ነው፣ እሱ ካለ በኋላስ ምን ተለወጠ? መልስ ካጣ መሣሪያውን ይዞ ይመለስና እንደገና ይጀምር።