ከትሉ ጀርባ የቆየው ባክቴሪያ

እ.ኤ.አ. በ1910 ማርክ አርማንድ ራፈር የተባለ ሐኪም ከ3 ሺህ ዓመት በላይ የቆዩ የሁለት ግብፃውያን ሙሚዎችን ኩላሊት ሲመረምር የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል አገኘ። የዓባይ ውኃ እህልን እንዳበቀለ ሁሉ ይህንንም በሽታ ከአባት ለልጅ ሲያሻግር ኖሯል። በሽታው በሰፈነባቸው መንደሮች ወንድ ልጅ ደም የቀላቀለ ሽንት ሲሸና የጉርምስና ምልክት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ትሉን እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ያገኘው ጀርመናዊው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በ1911 ፈርጉሰን የተባለ፣ በዚያው ከተማ ይሠራ የነበረ ተመራማሪ ቢልሃርዚያንና የሽንት ፊኛ ካንሰርን አያይዞ ጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ግን ትሉን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ1994 ነው። በመካከሉ ስንት ገበሬ እንዳለፈ የቆጠረ የለም።

ትሉ ብቻውን አልሠራም። እንቁላሉ የፊኛውን ግድግዳ ያቆስላል፤ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፤ ፊኛው ሽንቱን አሟጦ ማስወጣት ሲያቅተው በተጠራቀመው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። ባክቴሪያው ናይትሬትን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ከዚያም ናይትሮሳሚን የሚባሉ ካንሰር አምጪ ውህዶች ይፈጠራሉ። እነዚህ ውህዶች በቢልሃርዚያ ሕሙማን ሽንት ውስጥ በብዛት ተገኝተዋል። ቢልሃርዚያን የማያውቁ፣ ነገር ግን ለዓመታት ሽንት ማስወጫ ቱቦ ገብቶላቸው የሚኖሩና ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው ሕሙማንም ለዚሁ ዓይነት ካንሰር ይበልጥ ይጋለጣሉ። አንድ ጊዜ ታክሞ የዳነ የሽንት ኢንፌክሽን ግን ማንንም ሊያስደነግጥ አይገባም።

ባክቴሪያው ለምን ተዘነጋ? ከፓስተር ዘመን ጀምሮ የጤነኛ ሰው ሽንት ከተሕዋስያን ንጹሕ ነው ተብሎ ስለታመነ ይመስለኛል። ያ እምነት የተናደው ትናንት ነው፤ በ2014 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በጤነኛ ሴቶች ፊኛ ውስጥ ሳይቀር ሕያው ባክቴሪያ እንዳለ አሳዩ። ዛሬ የካንሰር ሕሙማንንና የጤነኞችን ባክቴሪያ የሚያነጻጽሩ ጥናቶች ልዩነት እያገኙ ነው፤ ልዩነቱ የካንሰሩ መንሥኤ ይሁን ውጤቱ ገና አልተለየም። ባክቴሪያ መድኃኒትም ሆኗል፤ ልጆቻችን ለሳንባ ነቀርሳ የሚከተቡት ቢሲጂ ከ1976 ወዲህ ፊኛ ውስጥ እየተጨመረ የካንሰሩን መመለስ ይከላከላል።

እኛም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አለን። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ ትሉን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የአድዋው የአንጀት ቢልሃርዚያ ነበር፤ የሽንት ፊኛው በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ቆላዎች ይገኛል። ግኝታቸው በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ፤ እንዶዱ ግን የተመኙለትን ያህል ሥራ ላይ አልዋለም። ግብፅ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ መስኖ ስትዘረጋ ቢልሃርዚያው አብሮ ተስፋፍቷል። እኛም በቆላው መስኖ እያስፋፋን ነው፤ ቦዩ ሲቆፈር ጤና ባለሙያው አብሮ ካልተጠራ ያው ታሪክ ይደገማል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሽንትህ ወይም ሽንትሽ አንድ ቀን እንኳ ደም ቢቀላቅል፣ ሕመም ባይኖረውም፣ ያለ ምርመራ በአንቲባዮቲክ ብቻ አይታለፍ። ሽንቱ ይመርመር፤ መንሥኤው ካልታወቀ ወይም ደሙ ከተደጋገመ ፊኛው በመሣሪያ ይታይ።