ቡናን የሚያደርቀው ፈንገስ ትክክለኛ ስሙን እንዴት አገኘ?

ከባሕር ዳር በጀልባ የተነሣ መንገደኛ የጣናን ዳርቻ ተከትሎ ሲሄድ የዘጌን የቡና ደን ያገኛል። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳማቱ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ የሕዝቡ ኑሮ ከቡና፣ ከጌሾና ከሎሚ ጋራ የተሳሰረ ነው። እንግዲህ በዚያ አገር የቡና ዛፍ መድረቅ በሌላው አገር የበሬ ሞት ያህል ነው።

ባለፈው ዕረፍት ከአያቴ ዘንድ ሳለሁ፣ በቡናው መካከል አንድ ዛፍ በቁሙ ደርቆ አየሁ። ምን እንደ ነካው ብጠይቃቸው «አርጅቶ ነው ልጄ» ብለው በገጀራ ቆረጡት። መልሳቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጥያቄው ከልቤ ስላልወጣ የቡናን መድረቅ ታሪክ መመርመር ጀመርሁ። ያገኘሁትንም ለአንባቢዎች እነሆ አቀርባለሁ።

የቡና አድርቅ በሽታ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1927 ዛሬ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ በሚባለው አገር ነው። ቆይቶም በኮንጎና በምዕራብ አፍሪካ ብዙ የቡና እርሻ አጠፋ። ስቴያር የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1948 በሽታውን የሚያመጣውን ፈንገስ «ፉዛሪየም ዛይላሪዮይደስ» ብሎ ሰየመው። በ1950 ደግሞ ኤምና ሳካስ ፍሬ የሚያፈራበትን ሌላውን መልኩን ገልጸው «ጂቤሬላ ዛይላሪዮይደስ» አሉት። አንድ ፈንገስ በሁለት መልክ ስለሚታይ ሁለት ስም ማግኘቱ አያስደንቅም።

በአገራችን ስቴዋርት እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ከፋ ጠቅላይ ግዛት የተክል በሽታዎች ሲጽፍ፣ ቡናን የሚያጠወልገውን ፈንገስ ከ«ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም» ወገን ቈጠረው። ስሕተቱ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ሁለቱ ፈንገሶች ዘመዳሞች ናቸውና፤ ሁለቱም በግንዱ ውስጥ ውኃ የሚወጣበትን መንገድ ዘግተው ተክሉን ያጠወልጋሉ። ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ክራንዝና ሞግክ የኢትዮጵያው ፈንገስ ጂቤሬላ ዛይላሪዮይደስ መሆኑን አስታወቁ።

ስም መለወጥ ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ስሙ ሲታወቅ ሌሎች አገሮች በብዙ ጥፋት የተማሩት ለእኛም ትምህርት ይሆናል። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ግርማ አዱኛም እ.ኤ.አ. በ2004 ለቦን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጽሑፍ የዚህን ፈንገስ ልዩ ልዩ ወገኖች መርምረዋል። የአረቢካን ቡና የሚያጠቃው ወገን ሮቡስታን እንደማይጐዳ፣ የሮቡስታውም አረቢካን እንደማይነካ ታውቋል።

ምልክቱን ማወቅ ለማንም አይከብድም። ቅጠሉ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ጀምሮ፣ ይገረጣል፤ ይጠወልጋል፤ ይረግፋል። ከግርጌው ቅርፊቱ ሲፋቅ እንጨቱ ጠቁሮ ይታያል፤ በቅርፊቱም ስንጥቅ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ይገኛሉ። ፈንገሱ የሚገባው በቁስል ስለ ሆነ፣ የታመመውን የቆረጠ ገጀራ ጤነኛውን ካቆሰለ በሽታውን ያጋባል። የያዘውን ዛፍ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ነቅሎ በዚያው በቦታው ማቃጠል፣ ገጀራውንም በእሳት መለብለብ፣ በሽታውን የሚቋቋም ዘር መትከል ነው።

አያቴ ያንን ዛፍ ሲቆርጡ ቅርፊቱን አልፋቅንም፤ እንጨቱንም ለማገዶ ተሸክሜ በቡናው መካከል ያሳለፍሁት እኔ ነበርሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ዛፍ ግን አፍ የለውምና አይናገርም፤ ስለዚህ አርጅቶ ነው ከማለታችን በፊት ቅርፊቱን ፍቀን መመልከት የእኛ ፋንታ ነው።