የዑራኤል መብረቅ እና የቄሱ ልጅ ኳስ

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ እስኪደርስ ድረስ እዚያ እንደ ጠፋ ይቆጠር ነበር። በዚህ መጽሐፍ ዑራኤል በነጎድጓድ ላይ የተሾመ መልአክ ነው፤ ሄኖክም የመብረቅን ምሥጢር ያያል። እኔን የሚገርመኝ፣ መጽሐፉ መብረቅን የሚፈራ ብቻ ሳይሆን የሚመረመር ነገር አድርጎ ማቅረቡ ነው።

እኛ ግን ፍርሃቱን ይዘን ምርመራውን ተውነው። ላስታን እንውሰድ። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። እረኛ ክረምቱን የሚያሳልፈው በገላጣ ሸንተረር ላይ ነው። መብረቅ ሰው ሲገድል፣ «ምን በድሎ ይሆን?» የሚል ሹክሹክታ ለቅሶ ቤት ሰምቼ አውቃለሁ። ሐዘንተኛው ልጁን ቀብሮ ሲመለስ የልጁንም ስም አብረው ይቀብሩበታል።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። አውሮፓም መብረቅን ለማባረር የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወል ነበር፤ ስንቱ ደዋይ ገመዱን እንደ ያዘ ቀረ! ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1752 መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን ካሳየ በኋላ ነው ነገሩ እየተለወጠ የመጣው። ከዚያ የሰርብ ኦርቶዶክስ ቄስ ልጅ የሆነው ኒኮላ ቴስላ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1894 መብት ያስመዘገበበት አምፖል፣ ዛሬ በጌጥነት የሚሸጠው የፕላዝማ ኳስ ቅድመ አያት ነው።

የኳሱ አሠራር እንዲህ ነው። በብርጭቆው ውስጥ እንደ ኒዮንና አርጎን ያለ ጋዝ በሳሳ መጠን ይሞላል። መሐሉ ላይ ያለው ዘንግ በሺህ የሚቆጠር ቮልት በከፍተኛ ፍጥነት ሲያርገበግብ፣ ጋዙ ኤሌክትሮኖቹን ይጥልና ፕላዝማ ሆኖ ያበራል። ጣትዎን ሲያስጠጉ የብርሃኑ ክር ወደ ጣትዎ ያዘነብላል፤ ምክንያቱም ሰውነት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ኤሌክትሪኩ ጥቂት ስለሆነ አይጎዳም። ሆኖም ሳንቲም ወይም ሌላ ብረት አይደረግበትም፤ ብልጭታው ያቃጥላል፣ እሳትም ያስነሣል። ስልክና ሬዲዮ ይራቁለት፤ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው አይጠጋው። የተሰነጠቀ ኳስ አይሰካም፤ በርቶም ጥለውት አይሄዱም።

ይህን ያየ ተማሪ ሰማዩን ማንበብ ይጀምራል። ታላቁ መብረቅም የሚቀናው ጎላ ብሎ ወደ ቆመ ነገር ነው፤ ብቸኛ ዛፍ፣ የተራራ ጫፍ፣ ሜዳ ላይ ያለ እረኛ። የበደል ጉዳይ የለበትም። ስለዚህ ነጎድጓድ ሲሰማ ከዛፍ ሥር መሸሸግ ሳይሆን ከሸንተረሩ ወርዶ ደህና ቤት መግባት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የተመታ ሰው ኤሌክትሪክ አይዝም፤ መንካት አያስፈራም። ትንፋሹ ከቆመ ወዲያው ደረቱን እየተጫኑ ቢረዱት ሊተርፍ ይችላል። «አትንኩት!» እየተባባልን ዙሪያውን ስንቆም ግን እያየነው ይሞታል።

ይህን መማር እምነት ማጣት ይመስለን ይሆን? የላስታ ሰው ቤተ መቅደሶቹን በሌሊት መላእክት ያንጹ እንደ ነበር ያምናል። በዚያው ትውፊት ግን ቀን ቀን መሮውን ይዞ ዓለቱን የሚፈለፍለው ሰው ነበር። የቀኑ ሥራ ዛሬም የእኛው ነው።